ካርኒ የሌለው አበዳሪ

ወንድሜ ልብስ አጣቢ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ካርኒ» ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የምናውቀው እኔና ሚስቱ ብቻ ሳንሆን አንቀርም፤ እኛም ብንሆን ካልተናደድን አንጠራውም። ላውንደሪው ከአውቶብስ ማዞሪያው ፊት ለፊት ነው። እኔ ደግሞ የአውቶብስ ሹፌር ነኝ። ስለዚህ ብወድም ብጠላም በየዙሩ በመስታወቱ ውስጥ አየዋለሁ፤ ካውያው ላይ ተደፍቶ፣ እንፋሎት ውጦት፣ የሰው ሱሪ እንደ አራስ ልጅ እያገላበጠ።

ካርኒ የተባለው በከንቱ አይደለም። ልብስ ስታስገባ ከጥራዙ ላይ ቁራጭ ወረቀት ይቀድልሃል፤ ግማሹ ልብሱ ላይ ይያያዛል፣ ግማሹ አንተ ጋ ይቀራል። ያንን ግማሽ ካላመጣህ ልብስህን አታገኝም። ጎረቤቱ ሁን፣ አክስቱ ሁን፣ ወይ ፍንክች! አንድ ቀን የሰፈራችን ሐኪም ነጭ ጋዋኑን ሊወስድ መጣ፤ ካርኒውን ረስቶታል። «ጋሼ፣ ትናንት እኮ ግፊትህን የለካሁልህ እኔ ነኝ» ቢለው፣ «ግፊቴን ለክተሃል፤ ካርኒህን ግን አላየሁም» ብሎ መለሰው። ሐኪሙ በማግስቱ ካርኒውን ይዞ ሲመጣ ግፊቱ የጨመረው የሐኪሙ ነበር።

እኔን ግን ከሁሉም የበለጠ አቃጥሎኛል። የሰርጌ ዕለት ጠዋት ግራጫ ሙሉ ልብሴን ልወስድ ሄድኩ። ካርኒው ጠፍቶኛል።

«እንግዲያው የሚያውቅህ ሰው ጥራና ፈርም» አለኝ።

«አንተ አታውቀኝም?»

«እኔ ሰጪ ነኝ። ሰጪ ምስክር አይሆንም።»

የሚፈረመው ወረቀት አጭር ነበር፤ «ልብሱ የኔ ነው፤ ሌላ ሰው ካርኒውን ይዞ ቢመጣ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ይላል። አንድ መስመር መፈረም ነበር። ግን በሰርጌ ቀን፣ ለገዛ ወንድሜ፣ ለገዛ ልብሴ ዋስ ልጥራ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ በሩን ወርውሬው ወጣሁ። የጓደኛዬን ኮት ለብሼ አገባሁ፤ እጅጌው ክርኔን በትንሹ አልፎ ያበቃል። በሰርጉ ፎቶ ላይ ሁለቱንም እጆቼን ከጀርባዬ ደብቄያለሁ። ሚስቴ እስከ ዛሬ «የታሰረው ሙሽራ» ትለኛለች። ልብሱንም ተመልሼ አልጠየቅሁም፤ እሱም አላነሳብኝም።

ይህ ግትርነቱ ከሰማይ አልወረደም። ሥራውን በጀመረ ሰሞን አንድ ሰው «የሚስቴን ካፖርት ስጠኝ» ብሎት ሰጠው። ሰውየው ባሏ አልነበረም። እውነተኛዋ ባለቤት ካርኒዋን ይዛ መጣች። ካፖርቱ የሟች አባቷ ነበር፣ ለራሷ አስጠብባው። ዋጋውን ከፈላት፤ እሷ ግን ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ ትታ እያለቀሰች ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ወንድሜ የሰውን ፊት አይቶ ዕቃ መስጠት ተወ።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ፤ ነገሩ የቤቱ ነገር ነውና።

እሱና ሚስቱ ቤታቸውን የገዙት ከባንክ ተበድረው፣ ቤቱን ራሱን መያዣ አድርገው ነው። ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ማዕድ ቤት ናት። ሚስቱ በመስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ የደንበኞችን የተበጠሱ አዝራሮች የምትተክልባት ወንበር አለቻት፤ ብርሃኑ እዚያ ስለሚበረታ ወንበሯን ማንም አይነካባትም። ብድሩ በየወሩ ማዕዘኑ ላይ ላለው ባንክ ይከፈል ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ባንኩ ተዘጋ፤ ምልክቱ ወረደ፤ ግድግዳው ላይ የፊደላቱ ጥላ ብቻ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ስሙን ሰምተነው ከማናውቅ ኩባንያ ደብዳቤ መጣ፤ «ብድርዎ ወደ እኛ ስለተላለፈ ከእንግዲህ ለእኛ ይክፈሉ» ይላል።

ወደ ኩባንያው ቢሮ አብሬው ሄጄ ነበር። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ነበረች።

«ማን አስተላለፈላችሁ?» አላት።

«ባንኩ ነዋ፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ባንኩ የጻፈላችሁን አሳዪኝ። ወይም እኔና ሚስቴ የፈረምንበትን ውል።»

ልጅቷ ወደ ውስጥ ገብታ ቆይታ ተመለሰች። ይዛ የመጣችው እኛ እጅ ያለውን የዚያኑ ደብዳቤ ቅጂ ነው።

«ይሄን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ» አላት። «ደንበኛ ካርኒውን ቤቱ ጽፎ ሲመጣ አይቼ አላውቅም።»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያቺ ሳቅ በኋላ በአፍንጫዬ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ስለ ብድሩ ያነሳ አልነበረም። ሚስቱ እየከፈለ መስሏታል፤ እኔም እንደዚያው። አንድ ማለዳ ግን ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «ና! በራችን ላይ ወረቀት ተለጥፏል!» ሄጄ አነበብኩት። ቤቱ በሐራጅ ሊሸጥ ነው። ሻጭ ኩባንያው። ምክንያት፣ ዕዳ ባለመክፈል።

ዕዳ ከሜዳ ማለት ይሄ ነው። ወንድሜ ካውያውን አስቀምጦ መጣና ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ጥግ ጥጉን በጣቱ አስተካክሎ መልሶ አጣበቀው።

«ወር ወር አትከፍልም ነበር እንዴ?» አለችው ሚስቱ።

«አስቀምጬዋለሁ።»

«የት?»

ወደ ሱቁ ወሰደን። ከጓሮ በኩል፣ የቦይለሩ ጎን፣ ባለቤቶቻቸው ሳይመጡ የቀሩ ልብሶች የሚንጠለጠሉበት ረጅም ብረት አለ። አንዱንም ሸጦ አያውቅም። አቧራቸውን ያራግፋል፣ በዓመት አንዴ ይተኩሳቸዋል፣ ይሰቅላቸዋል። ከመካከላቸው አንድ ጥቁር ካፖርት አውርዶ ከውስጥ ኪሱ ፖስታዎች አወጣ። የየወሩ ክፍያ፣ አንድም ሳይጎድል።

«ይሄ ካፖርት የማን ነው?» አለች ሚስቱ በቀስታ።

«ባለቤቱ ገና አልመጣም።»

«ሰውዬ! ቤታችንን የሰው ኪስ ውስጥ ከተህ ነው የምትዞረው?»

«ለነዚህ ከፍዬ ነገ እውነተኛው ቢመጣስ? ሁለተኛ ልክፈል?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ እሰማ ነበር» አለች። «አንተ ደግሞ ሁለቱንም ሆንክ!» እዚያው ከልብሶቹ መሐል ቆማ አለቀሰች። እኔ ፊቴን ወደ ብረቱ መለስኩ። ከካፖርቱ ቀጥሎ ግራጫ ሙሉ ልብስ ተሰቅሏል፤ ተተኩሶ፣ ላስቲክ ለብሶ። የኔው ነበር።

ፖስታዎቹን ወስዶ መክፈልም ጊዜው አልፎ ነበር። ኩባንያው ሙሉውን ብድር ከነቅጣቱ ባንዴ ካላመጣህ ቤቱ ይሸጣል ብሏል። ስለዚህ ካባዋን እሱ ጋ የምታሳጥብ አንዲት ወጣት ጠበቃ ያዝን። «ዕዳ አለባችሁ፤ እሱን አንክድም» አለችን። «እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በዚህ ዕዳ ቤቱን የመሸጥ መብት ያለው ማን ነው? እነሱ ከሆኑ ያረጋግጡ። ውሉን አላቀረቡም፤ ጠፋ ነው የሚሉት።» ፍርድ ቤቱ ከሐራጁ በፊት ሊሰማን ቀጠረ። እዚያ ከተረታን ቤቱ ሄደ ማለት ነው።

ይሄን እያሰብን ሳለ ለእኔ መጥሪያ መጣ። የኩባንያው ጠበቃ ለምስክርነት የጠራው እኔን ነው! የሰርጌን ታሪክ ሰምቷል፤ ሰፈሩ እንደሆነ ለማንም ያወራዋል። ሰውየው የዋዛ አይደለም። ካርኒ የጠፋበት ሰውም ልብሱን የሚወስድበት መንገድ እንዳለ ከእኔ አፍ ማውጣት ፈልጓል። ያን ጊዜ «አየህ፣ አንተም ያለ ወረቀት ትሰጣለህ፤ እኛን ስትከለክል ክፋት ነው» ሊለው ነው። ቂም የያዘ ወንድም ደግሞ ጥሩ ምስክር ነው ብሎ አስቧል።

የወንድሜ ሚስት ይህን ስትሰማ ከማዞሪያው ተሳፈረች፤ ከጀርባዬ ካለው ወንበር ተቀምጣ መስመሩን ሙሉ ጆሮዬ ሥር ተናገረች።

«‘ያለ ካርኒ አይሰጥም’ በላቸው። በቃ። የመፈረሙን ነገር አታንሳ።»

«እትዬ፣ ውሸት ነው እኮ።»

«ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ዝም በለው፤ ዝም አይነቅዝም።»

«አስምለው ነው የሚጠይቁኝ።»

«እኔስ የት ልግባ? ወንበሬን ተሸክሜ የት ልሂድ?» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ቂም እንዳለብህ አውቃለሁ። እኔም ባንተ ቦታ ብሆን ይኖረኝ ነበር። ግን ቂምህን በቤቴ አታውጣው» አለችኝ።

አንድ ፌርማታ ሳላቆም አለፍኩ፤ ተሳፋሪው ጮኸብኝ። ቂም አልነበረኝም ብል ዋሸሁ። ማታ ወንድሜን «ምን ልበል?» ብዬ ስጠይቀው ቀና እንኳ ሳይል፣ «የሆነውን» አለኝ። ወንድምህ እንዲህ ሲሆንብህ ልታንቀው ነው የሚያምርህ።

ችሎቱ ትንሽ ክፍል ነበር፤ ሙቀት፣ የወንበር ቅባት ሽታ፣ ከላይ የሚንጫጫ ማራገቢያ። ዳኛዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትሰማ፣ ፊቷ የማይነበብ ሴት ነበረች። የኩባንያው ጠበቃ ልብሱ እንከን የለውም፤ ወንድሜ የሸሚዙን ኮሌታ በሙያ ዓይን ሲመለከት ያዝኩት። ማልኩና ቆምኩ። ፈርቻለሁ።

«ልብሱ የእርስዎ ነበር?» አለኝ ጠበቃው።

«የኔ ነው። ግራጫ፣ ባለ ሁለት አዝራር፣ ገበሩ ጥቁር ሰማያዊ። አሁንም እዚያው ተሰቅሏል።»

«ወንድምዎ የእርስዎ መሆኑን ያውቅ ነበር?»

«ሲሰፋልኝም አብሮኝ ነበር።»

«ካርኒ የጠፋበት ሰው እንግዲህ ልብሱን አያገኝም ማለት ነው?»

የወንድሜን ሚስት አየኋት። ከንፈሯን ነክሳ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። «አያገኝም» ብል ያልቅ ነበር። ወንድሜን አየሁት። እሱ እጆቹን እያየ ነው፤ ካውያ ያቃጠላቸውን፣ ያበጡትን እጆቹን።

«ያገኛል» አልኩ።

ሚስቱ ራሷን ይዛ አጎነበሰች።

«እንዴት?» አለ ጠበቃው፤ ፈገግታውን ሊደብቅ እንኳ አልሞከረም።

«የሚያውቀው ሰው ይጠራል። ልብሱ የኔ ነው፣ ሌላ ሰው ካርኒውን ይዞ ቢመጣ ተጠያቂው እኔ ነኝ ብሎ ይፈርማል። ከዚያ ይወስዳል።»

«ስለዚህ ያለ ካርኒም ይሰጣል! ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም።»

ጸሐፊዋ ቃሌን ታይፕ አድርጋ አነበበችልኝ፤ ፈረምኩ። ፊርማዬ የኔ አልመስልህ አለኝ። ወንድሜን ያሸነፉት በኔ አፍ ነው ብዬ አንጀቴ ተቃጠለ። ልቀመጥ ስል ዳኛዋ «ይቆዩ» አለችኝ፤ መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች።

«እርስዎ ያኔ ለምን አልፈረሙም?»

«ኮርቼ ነው።»

«ሌላ ሰው ይመጣል ብለው ፈርተው አይደለም?»

«ኧረ ማን ይመጣል! ልብሱ የኔ ነው።»

ዳኛዋ ወደ ጠበቃው ዞረች። «ጥሩ። ውሉ ጠፍቶብናል ብላችኋል። ምስክሩን የጠራችሁትም እናንተ ናችሁ። ኩባንያችሁስ ይፈርማል? ብድሩ የእኛ ነው፤ ነገ ሌላ አበዳሪ ውሉን ይዞ ቢመጣ ለእነዚህ ሰዎች ተጠያቂ እኛ ነን ብላችሁ ዋስትና ትሰጣላችሁ?»

ጠበቃው ስልኩን አወጣ። «ኃላፊዎቼን ማነጋገር ይኖርብኛል።»

«ያነጋግሩ። እንጠብቃለን።»

ኮሪደሩ ላይ ወጣን። ጠበቃው በወዲያኛው ጫፍ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ወዲያ ወዲህ ይላል። አንዳንዴ ይቆማል፤ ግድግዳውን ያያል፤ እንደገና ይሄዳል። ጠበቃችን ጥፍሯን ትበላለች። «ከፈረሙስ?» አልኳት። «ከፈረሙ ሐራጁ ሊቀጥል ይችላል» አለችኝ። የወንድሜ ሚስት ፊቷን አዙራብኛለች፤ ያለሁ አልመስላትም። ወንድሜ ግን ወደ እኔ ተጠጋ፤ የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እጁን ዘርግቶ የታጠፈ ኮሌታዬን አስተካከለልኝ፤ በሁለት ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ፣ ሱቁ ውስጥ እንደሚያደርገው።

«እንዲህ ሆነህ ነው ዳኛ ፊት የቆምከው?» አለኝ።

ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩ።

ተጠራን። ጠበቃው ከረባቱን እያላላ ተነሳ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ኩባንያው በአሁኑ ሰዓት እንዲህ ያለውን ዋስትና ለመስጠት ዝግጁ አይደለም።»

«ለምን?»

«ባንኩ ሲዘጋ ብድሮቹ ለተለያዩ ድርጅቶች ነው የተከፋፈሉት። የትኛው ለማን እንደደረሰ... ገና እየተጣራ ነው።»

«ስለዚህ ይህ ብድር የእናንተ መሆኑን እርግጠኛ አይደላችሁም» አለች ዳኛዋ።

«የእኛ ነው ብለን እናምናለን።»

«እምነታችሁን አከብራለሁ። ሐራጅ ግን በእምነት አይጠራም።» ጎንበስ ብላ ጻፈች፤ አነበበች። ሐራጁ ቀርቷል። ዋናውን ውል፣ ወይም ከባንኩ ለመተላለፉ ማስረጃና ዋስትና ይዞ የሚመጣ እስኪገኝ ድረስ በዚያ ቤት ላይ ማንም እጁን አያነሳም። ፖስታዎቹ ፍርድ ቤት ይቀመጣሉ፤ ወንድሜም የየወሩን እዚያው ያስገባል። ዕዳው አልተሰረዘም። ግን ባለቤቱ ተጠርቷል።

ደረጃው ላይ ስንደርስ የወንድሜ ሚስት አንገቴን አንቃ ሳመችኝ፤ መልሳ ደግሞ ትከሻዬን በቦርሳዋ መታችኝ። «ገድለኸኝ ነበር፣ አንተ ክፉ!» አለች። ቤት ስንደርስ መጀመሪያ ያደረገችው ወረቀቱን ከበሩ ላይ ገንጥላ መጣል ነው። ወንድሜ «የለጠፈው ሰው መጥቶ ቢያነሳው...» ብሎ ሊጀምር ሲል ባየችው አስተያየት ዝም አለ። ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ መርፌዋን አነሳች፤ ብዙ ሳትተክል ዝም ብላ ብርሃኑን ታይ ነበር።

በሳምንቱ ጀንበር ሳትጠልቅ የቤቴ በር ተንኳኳ። ወንድሜ ነው፤ ግራጫውን ሙሉ ልብስ ከነላስቲኩ ክንዱ ላይ አድርጎ። ላውንደሪውን ዘግቶ ልብስ ሰው ቤት ድረስ ሲያመጣ በዕድሜዬ አላየሁትም።

«ውሰድ» አለኝ።

«ካርኒ የለኝም እኮ፣ ጋሼ።»

«ምስክርህ ዳኛዋ ናት። ልብሱ የኔ ነው ብለህም ፈርመሃል፤ ችሎት የሰጠኸውን ቃል ቅጂ ጠበቃችን አምጥታልኛለች። ሌላ ምን ቀረ?»

ተቀበልኩት። ኮቱን ለበስኩ፤ ትከሻው ልክ ነው፣ እጅጌው አንጓዬ ላይ ደረሰ፣ ፊቱ ግን አልገጠም። ሆዴ በመካከል ገብቷል። ሚስቴ ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ አየችኝ፤ «የታሰረው ሙሽራ ተፈታ!» አለችና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ አለቀና እንባው ቀረ። እኔም ብሆን ደህና አልነበርኩም።

ወንድሜ እስክንጨርስ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ መዳፉን ዘረጋ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«የማጠቢያውን አልከፈልክም። በዚያን ጊዜው ዋጋ።»

ከፈልኩት። ከኪሱ ጥራዙን አወጣ፤ ጻፈ፤ ቀደደና ሰጠኝ። እሱ ዛሬም በየወሩ ፍርድ ቤት እየሄደ ማንነቱን ለማያውቀው ሰው ይከፍላል። «ይመጣል» ይላል ሲጠየቅ፤ «ካርኒ ካለው ይመጣል።» እኔ ደግሞ ያቺን ቁራጭ ወረቀት መንጃ ፈቃዴ ውስጥ አጥፌ ይዣታለሁ። ይችኛዋን አልጣልኳትም።